ብሎንና ዳዶ፤ ከሐዋሳ ፒያሳ የተነሣ የማሠሪያ ታሪክ

ሐዋሳ ጣሊያን ያልሠራት ከተማ ናት። የፋሺስት ጦር ከኢትዮጵያ የተባረረው በ1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዋሳ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ዘመን ነው። ይሁን እንጂ የከተማዋ እምብርት ዛሬም «ፒያሳ» ተብሎ ይጠራል። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም አደባባይ ማለት ነው። አደባባዩን ጣሊያን ሠርቶ ስም አላወጣለትም፤ ስሙ ከሰው ጋር ተጉዞ መጥቶ በአዲሱ ከተማ ተተከለ እንጂ።

ስሙ በተጓዘበት መንገድ ሌሎች ብዙ ቃላትም ተጉዘዋል። ማንኛውም ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ የጣሊያንኛ ልጆች ሆነው በአማርኛ ቤት ያደጉ ናቸው። መካኒኩ ከየት እንደመጡ ሳያስብ በየቀኑ ይጠራቸዋል፤ ተለማማጁም ከመካኒኩ አፍ ይቀበላቸዋል። የቃላቱ ውርስ በዚህ ዓይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ ደርሷል።

ነገር ግን ከቃሉ ጋር አብሮ መምጣት የሚገባው አንድ ነገር በመንገድ ቀርቷል፤ ይኸውም ቁጥሩ ነው። ብሎን የሚለው ስም መጣ፤ የብሎኑ የጥንካሬ መለኪያ፣ የጥርሱ ዓይነት፣ የልባጡ ስምና የማጥበቂያው ልክ ግን ከስሙ እኩል አልተሠራጩም። በመሆኑም ብሎን በየጋራዡ የሚጠራው ብዙ ጊዜ በቁልፉ ቁጥር ነው፤ «አሥራ ሦስት አምጣ»፣ «አሥራ ዘጠኝ አምጣ» ይባላል። ይህ ቁጥር የብሎኑን ራስ ስፋት ብቻ ይናገራል። ብሎኑ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ መቼ እንደሚሳብ፣ መቼ እንደሚበጠስ አንዳች አይናገርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የብሎንን ታሪክ ከዚህ ጎደሎ አንጻር መመልከት ነው። ከመኪና ክፍሎች ሁሉ ለማነጻጸሪያ የተመረጠው የፊት እግር ነው። የፊት እግር የመሪውን፣ የፍሬኑንና የመንገዱን ኃይል በአንድነት የሚሸከም በመሆኑ፣ በዚያ ቦታ የሚበጠስ አንድ ብሎን መኪናውን ከነተሳፋሪው ከመንገድ ሊያወጣ ይችላል።

ሦስት ዓይነት ጥርስ በአንድ ሸለቆ

የብሎን ጥርስ በየፋብሪካው እንደ ባለሙያው ፈቃድ ይቆረጥ በነበረበት ዘመን፣ የአንዱ ፋብሪካ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይገጥምም ነበር። ይህን ያየው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 አንድ ወጥ ሥርዓት አቀረበ፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ጫፉና ሥሩም ክብ እንዲሆን ወሰነ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ የጥርሱን ማዕዘን 60 ዲግሪ፣ ጫፉንም ጠፍጣፋ አድርጎ ለመቁረጥና ለመለካት የሚቀል ሌላ ሥርዓት አወጣ። በአውሮፓ አህጉር ያሉ አገሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 በዙሪክ ተሰብስበው በሚሊሜትር የሚለካ የራሳቸውን ሥርዓት አጸደቁ። እንግዲህ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀመር ዓለም በሦስት ዓይነት ጥርስ ተከፍሎ ነበር።

ሦስቱም በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የተገናኙት በጦርነት ነው። የጣሊያን ጦር የፊያትና የላንቻ የጭነት መኪናዎቹን ይዞ ሲገባ የሚሊሜትሩን ብሎን ይዞ ገባ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዝና የተባባሪዎቿ ጦር በሲዳሞና በሐይቆቹ አካባቢ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ፣ በግንቦት ወር ሻሸመኔ ስትያዝ፣ የእንግሊዙ የዊትዎርዝ ጥርስና የፎርድና የሸቭሮሌት መኪናዎች የአሜሪካ ጥርስ በዚያው መንገድ አለፉ። ሐዋሳ ገና ባልተቆረቆረችበት በዚያ ዘመን በአካባቢው አፈር ላይ የወደቀው ቁርጥራጭ ብረት ሦስት ቋንቋ ይናገር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያ የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር መሣሪያዎች ብሎን ለብሎን ባለመግጠማቸው የደረሰው ኪሣራ ከፍተኛ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1948 አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ በዋሽንግተን ተስማምተው የኢንች ብሎናቸውን ጥርስ በ60 ዲግሪ አንድ አደረጉ። ከአንድ ዓመት በፊት የተመሠረተው የዓለም የደረጃዎች ድርጅት በበኩሉ የሚሊሜትሩን ሥርዓት ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃ አሳደገው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ብሎን በዚሁ በኋለኛው ሥርዓት የተሠራ ነው።

የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ግን ከመንገድ አልጠፋም። በኢትዮጵያ መንገዶች ለብዙ ዓመታት ያገለገለው የመጀመሪያው ዘመን ላንድ ሮቨር የእንግሊዝ ጥርስ ነበረው፤ የኋለኞቹ በአብዛኛው ወደ አንድነቱ ሥርዓት ተዛወሩ፤ በመካከል የተሠሩት ሁለቱንም ቀላቅለው ይገኛሉ። «ኤን ትሬ» በሚል ስም የታወቀው የፊያት የጭነት መኪና፣ ቮልስዋገን፣ ቶዮታ፣ በደርግ ዘመን የገቡት የሶቪየት መኪናዎችም ሁሉ በሚሊሜትር የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ጋራዥ ሣጥን ውስጥ የሦስት ዘመን ብሎን ተቀላቅሎ ቢገኝ አያስደንቅም።

አደጋው ያለው ልዩነታቸው ለዐይን የማይታይ በመሆኑ ነው። የ8 ሚሊሜትር ብሎንና የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረታቸው የሚለያየው በ0.06 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአንዱ ዳዶ ለሌላው ጥቂት ዙር ይገባና ይጠብቃል። ያልተማረ እጅ ይህን መጥበቅ ጥሩ ምልክት አድርጎ ይቀበለዋል፤ በእውነቱ ግን የጠበቀው ጥርሱ ስለተበላ ነው። የዊትዎርዝና የአሜሪካ ወፍራም ጥርስም በአብዛኛው መጠን በኢንች ውስጥ ያላቸው የጥርስ ብዛት እኩል ነው፤ በግማሽ ኢንች ላይ ግን የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 13 ነው። በሌላው መጠን የተሳካለት ሰው በግማሽ ኢንቹ ይታለላል። ግማሽ ኢንች ደግሞ ለእግር ሥራ በብዛት ከሚያገለግሉት መጠኖች አንዱ ነው።

በብሎን ራስ ላይ የተጻፈው

ጥርሱ ገጠመ ማለት ብሎኑ ይበቃል ማለት አይደለም። የዓለም የደረጃዎች ድርጅት ባወጣው ሥርዓት የብረት ብሎን ራስ ላይ ሁለት ቁጥሮች በነጥብ ተለይተው ይታተማሉ። 8.8 የተባለው ብሎን የመጀመሪያው ቁጥር በመቶ ሲባዛ 800 ይሆናል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ሲደርስ ይበጠሳል ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተባዝተው ውጤቱ በአሥር ሲባዛ 640 ይሆናል፤ ይህም ብረቱ ተስቦ ወደ ቦታው የማይመለስበት ልክ ነው። በዚሁ ስሌት 10.9 በ1000 ይበጠሳል፤ በ900 ይሳባል። በአሜሪካ ሥርዓት ቁጥር ሳይሆን መሥመር ነው የሚታተመው፤ ሦስት መሥመር ያለው አምስተኛ ደረጃ፣ ስድስት መሥመር ያለው ስምንተኛ ደረጃ ነው። መሥመር የሌለው ዝቅተኛ ብረት ነው።

ይህ ጽሕፈት የብሎኑ የልደት ምስክር ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት ሊጭበረበር እንደሚችል ሁሉ የብሎን ራስም ተጭበርብሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስድስት መሥመር የታተመባቸው፣ ነገር ግን በዝቅተኛ ብረት የተሠሩ ብሎኖች በገበያ ተሠራጭተው ስለተገኙ፣ ጉዳዩ እስከ ምክር ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1990 የብሎን ጥራትን የሚመለከት ሕግ ወጥቷል። እነዚያ ብሎኖች ሲታዩ ከእውነተኞቹ አይለዩም ነበር። በኢንዱስትሪ በበለጸገ አገር እንዲህ ከሆነ፣ ዕቃውን ሁሉ ከውጭ ለሚያስመጣ አገር ጥንቃቄው ምን ያህል ሊበልጥ እንደሚገባ መገመት አያዳግትም። ኢትዮጵያም የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ደረጃው በወረቀት መኖሩ ግን በብሎን ሻጩ መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ሥራ ነው።

ብሎን በታጣበት ጊዜ በቶርኖ አስቆርጦ መጠቀም በአገራችን ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። ይህ ብልኀት ብዙ መኪናዎችን ከመቆም አድኗል፤ ክብሩም ሊነፈገው አይገባም። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ምንነቱ ካልታወቀ ዘንግ ወይም ከፌሮ የተቆረጠ ብሎን ጥንካሬው አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ፋብሪካ ጥርሱን በማንከባለል አጥብቆ ሲሠራው፣ ቶርኖ ግን የብረቱን ጅማት እየቆረጠ ስለሚሠራው፣ ጥርሱ ሥር ያለው ብረት ለተደጋጋሚ ጭነት ደካማ ይሆናል።

የተደጋጋሚ ጭነትን ምስጢር ያጋለጠው ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ከ1850ዎቹ እስከ 1870 እ.ኤ.አ. ባደረገው ምርምር፣ ብረት በአንድ ጊዜ ከሚበጥሰው ጭነት እጅግ ባነሰ ጭነት፣ ጭነቱ ከተደጋገመ ሊሰበር እንደሚችል አሳየ። ስብራቱ የሚጀምረው ከጥቃቅን ስንጥቅ ነው። በብሎን ላይ ደግሞ ዳዶው የመጀመሪያ ጥርስ ከጠቅላላው ጭነት ሲሶ ያህሉን ስለሚሸከም፣ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይነሣል። ዝገት የቦረቦረው ጥርስ ለዚህ ስንጥቅ የተዘጋጀ በር ነው። ስለሆነም የዝገት ጉዳይ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዝገትን የመከላከል ጥበብ

ዝገት የብረት፣ የውሃና የኦክስጅን ሥራ ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ይፋጠናል። ዝገቱ ከበላው ብረት የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ተወጥሮ ይጣበቃል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ አፍስሶ ማደር፣ በእሳት ማሞቅ፣ በመጨረሻም መቁረጥ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። በእሳት የሞቀ ጠንካራ ብሎን ግን የተጠነከረበት የሙቀት ሥራ ስለሚበላሽ፣ ወጥቶ ቢጸዳም ተመልሶ መግባት አይገባውም።

የመጀመሪያው ትልቅ መከላከያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከር ዘዴን በባለቤትነት ባስመዘገበ ጊዜ ነው። ዚንክ ለብረት ከለላ ብቻ ሳይሆን ቤዛም ነው፤ ልባጡ ቢጫር እንኳ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ብሎን ልባጡ ወፍራም ስለሆነ ዳዶው ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ አለበት። በኤሌክትሪክ የሚለበጠው ዚንክ ደግሞ ቀጭን፣ ጥቂት ማይክሮን ብቻ በመሆኑ ለጥርሱ ይመቻል፤ ዕድሜው ግን በዚያው መጠን ያጥራል።

ሁለተኛው መንገድ ራሱ የማይዝገው ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በጀርመን የክሩፕ ባለሙያዎች፣ በ1913 ደግሞ በእንግሊዝ ሼፊልድ ሃሪ ብሪርሊ ክሮም የበዛበትን ብረት ሲሠሩ አዲስ ዘመን ተከፈተ። በብሎን ንግድ «ኤ 2» የሚባለው 18 በመቶ ያህል ክሮምና ከ8 እስከ 10 በመቶ ኒኬል ያለበት ነው፤ «ኤ 4» የሚባለው ሞሊብዲነም ተጨምሮበት ለባሕር ዳር የተዘጋጀ ነው።

እዚህ ላይ ከሐዋሳ ርቆ ወደ ካሊፎርኒያ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን እየገዙ፣ ትርፍ ላሜራቸውን እያወለቁ፣ ሞተራቸውን እያጎለበቱ፣ የፊት ዘንጋቸውን ዝቅ እያደረጉ በደረቁ ሐይቆች ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። «ሆት ሮድ» የተባለው ይህ ነው። ክዳን ስለሌለው የፊት እግሩ ለዐይን የተጋለጠ ነው፤ አግድም ባሌስትራው፣ ዘንጉ፣ ማሠሪያው ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ባለመኪናው ብሎኑ እንዲያበራም ይፈልጋል። ከዚህ ፍላጎት ሁለት ስሕተቶች ተወለዱ፤ አንዱ የሚያብለጨልጨውን የማይዝግ ብሎን ያለ ስሌት ማስገባት፣ ሌላው ጠንካራውን ብሎን በክሮም ማስለበጥ ነው።

የሁለተኛው ስሕተት ምስጢር ከሆት ሮድ እጅግ ቀድሞ የታወቀ ነበር። እንግሊዛዊው ዊሊያም ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1875 አሲድ ውስጥ የተነከረ ብረት ሃይድሮጅን እየጠጣ እንደሚሰባበር ጽፎ ነበር። ብሎን በኤሌክትሪክ ሲለበጥ መጀመሪያ በአሲድ ይታጠባል፤ ከዚያም በልባጡ ሥራ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል። ለስላሳ ብሎን ይህን ይችለዋል። 10.9 እና 12.9 የሆነው ጠንካራ ብሎን ግን ከተለበጠ በኋላ ወዲያው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለብዙ ሰዓት ካልተጋገረ፣ ከጠበቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊበጠስ ይችላል። የዛገ ብሎን ቢያንስ መዛጉን ለተመልካች ይናገራል፤ ሃይድሮጅን የጠጣ ብሎን ግን እያበራ ይሰበራል።

የማይዝገው ብሎን ስሌት

የመጀመሪያውን ስሕተት ለመረዳት አንድ ምሳሌ በቁጥር መመልከት ይበጃል። ብሎን ሁለት ብረቶችን አጣብቆ የሚይዝ የተወጠረ ሞላ ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ ጥርስ ብሎን ጭነት የሚሸከምበት ስፋት 84.3 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ብሎኑ 8.8 ከሆነ በደረጃው የተፈቀደለት የመፈተኛ ጭነት በካሬ ሚሊሜትር 580 ኒውተን ነው፤ በጠቅላላው ወደ 48.9 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ከዚህ ሦስት አራተኛው፣ ወደ 36.7 ኪሎ ኒውተን፣ ለመወጠሪያ የሚበቃ ልክ ነው። ሰበቃውን በተለመደው 0.2 ብንወስድ፣ ይህን ውጥረት ለማግኘት 88 ኒውተን ሜትር ማጥበቅ ያስፈልጋል።

አሁን ያው ብሎን በግራሶ ተቀብቶ በዚያው 88 ኒውተን ሜትር ጠበቀ እንበል። ሰበቃው ወደ 0.15 ሲወርድ ውጥረቱ ወደ 48.9 ኪሎ ኒውተን ይወጣል፤ ማለትም ለሥራ ሳይሰማራ የመፈተኛውን ጭነት ተሸክሞ ቆሟል። ማጥበቂያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅባቱ ብቻ ነው።

«ኤ 2-70» የተባለው የማይዝግ ብሎን ቢገባስ? 70 የሚለው ቁጥር በካሬ ሚሊሜትር በ700 ኒውተን ይበጠሳል ማለት ነው፤ ይህም ከ8.8 ብዙም አይርቅም፤ ብዙዎችን የሚያታልለውም ይኸው ነው። የሚሳብበት ልክ ግን 450 ነው፤ ይህም በ12 ሚሊሜትሩ ብሎን 37.9 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። የ8.8 ብሎን እስከ 54 ኪሎ ኒውተን ሳይሳብ ይቆያል። እንግዲህ የማይዝገው ከዛጊው ሰባ በመቶውን ብቻ ይችላል ማለት ነው። የማይዝግ ብሎን ከማይዝግ ዳዶ ጋር በደረቁ ሲጠብቅ ጥርሱ እየተላላጠ ስለሚነካከስ መቀባት አለበት፤ ተቀብቶ በ8.8 ልክ ከጠበቀ ግን ውጥረቱ ከሚሳብበት ልክ አልፎ ይሄዳል። መካኒኩ ጠበቀልኝ ሲል ብሎኑ በእውነቱ ረዝሟል። የረዘመ ብሎን መልሶ አያጣብቅም፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይላላል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ የማይዝግ ብሎን መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ለመብራት ማሠሪያ፣ ለፓራፋንጎ፣ ለሰሌዳ፣ ለሌላውም ቀላል ጭነት ላለበት ቦታ እጅግ ተስማሚ ነው። የፊት እግር ግን ለ8.8 ወይም ለ10.9 ተሰልቶ የተሠራ ከሆነ፣ ስሌቱ ሳይከለስ መለወጥ የለበትም።

የሐዋሳ አየርና የሐዋሳ መንገድ

የማይዝግ ብሎን ይግባ የሚለው ምክር የተወለደው ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ለማቅለጥ መንገዳቸውን በጨው በሚያለብሱ አገሮች ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከባሕር ሩቅ ናት፤ መንገዷም ጨው አያውቅም። ሐይቋ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ባይኖረውም፣ ውሃው እንደ ሻላና እንደ አብያታ ሐይቆች ጨዋማ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ከተማ የብሎን ጠላት የጨው ነፋስ ሳይሆን፣ በዝናም ወራት በማሠሪያው ጉያ ገብቶ ሳይደርቅ የሚያድር ጭቃ ነው። ለዚህ ዓይነት አየር የዚንክ ልባጥ ያለው 8.8 ብሎን፣ ጥርሱ ግራሶ ሳይሆን በተወሰነለት ቅባትና ልክ የጠበቀ፣ ከላይ በቀለም የተሸፈነ፣ በየጊዜውም የሚታጠብ ከሆነ በቂ ነው። ለ10.9 ብሎን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመኪና ፋብሪካዎች የተለመደው፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚለበጠው የዚንክ ቅርፊት ሃይድሮጅን ስለማያስገባ ይመረጣል።

ከዝገት ባላነሰ ሊታሰብበት የሚገባው መላላት ነው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት፣ ብሎንን በፍጥነት የሚያላላው በቁመቱ የሚስበው ኃይል ሳይሆን ወደ ጎን የሚያንሸራትተው ንዝረት መሆኑን አረጋገጠ። በዚህ ፈተና ተራው የተሰነጠቀ ሮንዴላ መላላትን እንደማይከለክል ታይቷል። የሚከለክለው በቂ ውጥረትና በአግባቡ የተመረጠ ዳዶ ነው። ከኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ጀምሮ በከተሞቻችን የተስፋፋው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ፣ አቧራና ጭቃን ያስወገደ ትልቅ ሥራ ቢሆንም፣ ለባጃጅና ለአሮጌ አውቶሞቢል እግር የማያቋርጥ ንዝረት ነው። ስለሆነም በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና ብሎን ከዝገት በፊት ለውጥረት ሊመረመር ይገባል።

የዚህን ሁሉ ትምህርት በአንድ መኪና ላይ ማየት ካስፈለገ ቮልስዋገን ይበቃል። በቶርሺን የሚሠራው የፊት እግሩ በሁለት አግድም ቱቦዎች ውስጥ የታጨቁ የብረት ቅጠሎች ያሉት ሆኖ፣ ጠቅላላው ክፍል ከሻንሲው ራስ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች ነው። የመጨረሻው የዚህ ዓይነት መኪና በሜክሲኮ ፑኤብላ የተሠራው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ስለሆነ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የሚታየው ሁሉ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ነው። ባለቤቶቹ ቀለም እየለወጡ፣ ጎማ እያሰፉ፣ ፊቱን ዝቅ እያደረጉ የሚያሳምሩት በዚህ በሸመገለ አካል ላይ ነው። የካሊፎርኒያው ወጣት ጥያቄና የኢትዮጵያው ባለ ቮልስ ጥያቄ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

አሮጌ መኪናን የማቆየት ጉዳይ ደግሞ ከፍላጎት ወደ ግዴታ እየተሸጋገረ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያለው የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል በአዲስ የማይተካ ሆኗል። የሚቆየው በጥገና ነው፤ ጥገናው ደግሞ እንደ ብሎኑ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። ብሎን የሚመረጠው በዝገቱ ብቻ አይደለም፤ በብርሃኑም አይደለም። በቅደም ተከተል ሲታይ መጀመሪያ ጥርሱ በመለኪያ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ በራሱ ላይ የታተመው ደረጃ ፋብሪካው ካዘዘው ማነስ አለማነሱ ይታያል፤ ከዚያ ልባጡ ለደረጃው የሚስማማ መሆኑ ይመረመራል፤ በመጨረሻም በቅባቱ ልክ በማጥበቂያ ቁልፍ ይጠብቃል። ዝገት የማይነካው ሆኖ ጭነቱን የማይችል ብሎን፣ ጭነቱን የሚችል ሆኖ ከሚዝገው ይልቅ አደገኛ ነው።

ይህን ለማድረስ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የጥርስ መለኪያ ትንሽ የብረት ምላስ ነው፤ የብሎን ደረጃ ሠንጠረዥ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የሙያው ማኅበራት ይህን ገጽ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ አዘጋጅተው በየጋራዡ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ቢያደርጉ፣ የቴክኒክና ሙያ መምህራንም ተለማማጁ ብሎንን በቁልፉ ሳይሆን በደረጃው እንዲጠራ ቢያስለምዱ፣ ከሰማንያ ዓመታት በላይ ያለ ቁጥሩ የኖረው ስም ቁጥሩን ያገኛል።

ጣሊያን ሄዶ ሃያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በተቆረቆረች ከተማ ፒያሳ የሚል ስም ሊተከል ከቻለ፣ በዚያው ፒያሳ አካባቢ አንድ ተለማማጅ «አሥራ ዘጠኝ አምጣ» በመባል ፈንታ «አሥራ ሁለት ሚሊ፣ ስምንት ነጥብ ስምንት አምጣ» የሚባልበት ቀን የማይመጣበት ምክንያት የለም። ያ ቀን ሲመጣ ቃሉ ሙሉ ይሆናል፤ በፊት ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪም፣ ሳያውቀው፣ የዚያ ሙሉ ቃል ተጠቃሚ ይሆናል።